ወደ ውጭ አገር ለሚደረግ ጉዞ የትኛው ካሜራ ይመረጣል?

ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለንግድ፣ ለመንፈሳዊ ጉዞ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ከአገር የሚወጣ ሰው ከፓስፖርቱና ከቪዛው ቀጥሎ ከሚያስባቸው ጉዳዮች አንዱ የጉዞውን ትዝታ በምን እንደሚያስቀር ነው። ወደ ውጭ አገር የሚደረግ ጉዞ ለብዙዎች በዕድሜ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚገኝ አጋጣሚ በመሆኑ፣ ያመለጠን ምስል ተመልሶ የማንሳት ዕድሉ ጠባብ ነው። ለዓመታት ያልተያዩ እናትና ልጅ በአየር ማረፊያ ሲገናኙ፣ ተማሪ የምረቃ ልብሱን ለብሶ ሲቆም ወይም ምዕመን ለረጅም ጊዜ ሲመኘው የኖረውን ቅዱስ ሥፍራ ሲረግጥ የሚታየው ቅጽበት ሁለተኛ ጊዜ አይሰጥም።

በዚህም ምክንያት በርካታ ተጓዦች የጉዞው ቀን ሲቃረብ ውድ ካሜራ ለመግዛት ወይም ከወዳጅ ለመዋስ ሲጣደፉ ይስተዋላል። ይሁንና ውድ የሆነ መሣሪያ ሁልጊዜ ተስማሚ አይደለም። ክብደቱ አሰልችቶ ከሆቴል ክፍል የማይወጣ፣ አጠቃቀሙ ያልተለመደ ወይም ባትሪው ያለቀ ካሜራ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን ምስል አያስገኝም። ከዚህም ባሻገር የመሣሪያው ዓይነትና አጠቃቀሙ አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱን በሚሄድበት አገር ከሕግ ጋር ሊያጋጨው ይችላል። ይህ ጽሑፍ ተጓዦች ከመነሳታቸው በፊት ሊያስቡባቸው የሚገቡ ዋና ዋና ነጥቦችን ለመጠቆም የተዘጋጀ ነው።

ከኪሎዎች ወደ ኪስ

ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኘው የዲጂታል ካሜራ መነሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ) በ1975 ስቲቨን ሳሰን የተባለው የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ የሠራው መሣሪያ ነው። መሣሪያው 3 ነጥብ 6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን የነበረ ሲሆን፣ 10 ሺህ ነጥቦች ብቻ ያሉትን ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በአሁኑ ወቅት በአንድ ተራ የእጅ ስልክ የሚነሳ ፎቶግራፍ 12 ሚሊዮን (12 ሜጋፒክስል) እና ከዚያም በላይ ነጥቦችን ይይዛል።

ይህ ዕድገት የካሜራን ገበያ ከሥሩ ለውጦታል። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር አባል ኩባንያዎች እ.ኤ.አ በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራዎችን ለዓለም ገበያ ያቀረቡ ሲሆን፣ በ2023 ያቀረቡት ግን 7 ነጥብ 7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። የቅነሳው ዋነኛ ምክንያት ዘመናዊ የእጅ ስልክ የአነስተኛ ካሜራዎችን ቦታ መውሰዱ ነው። በመሆኑም የዛሬው ተጓዥ ጥያቄ "ካሜራ ልያዝ ወይስ አልያዝ?" የሚል ሳይሆን፣ "በኪሴ ካለው ስልክ በተጨማሪ ሌላ መሣሪያ መያዝ ያስፈልገኛል ወይ?" የሚል ነው።

በቅድሚያ ጉዞውን ማወቅ

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከካሜራ መደብር ሳይሆን ከጉዞው ዓላማ ነው። ተጓዡ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ለራሱ ቢመልስ ምርጫው በእጅጉ ይቀልለታል። የመጀመሪያው በብዛት የሚያነሳው ምንድን ነው? የሚለው ነው። የቤተሰብ አባላት፣ ሕንፃዎች፣ የዱር እንስሳትና የዕቃ ናሙናዎች እያንዳንዳቸው የተለያየ መሣሪያ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው በምን ዓይነት ብርሃን ያነሳል? የሚል ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ምስሉ ለምን አገልግሎት ይውላል? የሚለው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል። አንድ ካሜራ ባለው የሜጋፒክስል ብዛት ብቻ የሚመዝኑት ገዢዎች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን በአልበም ውስጥ የሚቀመጥ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶግራፍ በጥሩ ጥራት ለማተም 2 ሜጋፒክስል ያህል ይበቃል። በተለመደው የኤ4 ወረቀት መጠን ለማተምም ከ9 ሜጋፒክስል አይበልጥም። በመሆኑም ምስሉን ለወዳጅ ዘመድ በስልክ ለመላክና በአልበም ለማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ስለ ሜጋፒክስል ብዛት የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ሥዕል ለማሳተም ወይም ምስሉን ለመጽሐፍና ለዐውደ ርዕይ ለማዋል የሚያስብ ግን ከፍ ያለ ጥራት ያለው መሣሪያ ቢይዝ ተገቢ ይሆናል።

አራቱ አማራጮች

ለተጓዥ የሚቀርቡት መሣሪያዎች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው የእጅ ስልክ ነው። ስልክ ሁልጊዜ ከሰው ጋር የሚገኝ፣ የሰውን ዓይን የማይስብና ምስሉን ወዲያውኑ ለመላክ የሚያስችል ነው። ዘመናዊ ስልኮች አዝራሩ አንድ ጊዜ ሲነካ ተከታታይ ምስሎችን አንስተው በማዋሐድ አንድ የጠራ ፎቶግራፍ ስለሚሠሩ በቀን ብርሃን የሚያስገኙት ውጤት አጥጋቢ ነው። ድክመታቸው ከርቀት ያለን ነገር በማቅረብ ረገድ ይታያል። በርካታ ስልኮች ከተወሰነ ርቀት በላይ ሲያቀርቡ የሚያደርጉት ምስሉን ቆርጦ ማጉላት በመሆኑ ጥራቱ ይወርዳል። ዋናው የስልክ ሌንስ ሰፊ ቦታ የሚያይ በመሆኑም ሰው በጣም ተቀርቦ ሲነሳ አፍንጫውና ግንባሩ ከመጠን በላይ ጎልተው ይወጣሉ። ስለዚህ በስልክ የሰው ፊት ሲነሳ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ይመረጣል።

ሁለተኛው በኪስ የሚያዝ አነስተኛ ካሜራ ነው። በዚህ ክፍል ያሉ ጥሩ ካሜራዎች ከአብዛኞቹ ስልኮች የሚበልጥ የብርሃን መቀበያ ሰሌዳ (ሴንሰር) እና እውነተኛ የሚያቀርብ ሌንስ አላቸው። ለንጽጽር ያህል፣ የሶኒ ኩባንያ ምርት የሆነው አርኤክስ 100 ማርክ 7 የተሰኘው ካሜራ ከነባትሪው 302 ግራም ብቻ እየመዘነ ከሰፊ እይታ እስከ 200 ሚሊ ሜትር አቻ ድረስ ማቅረብ ይችላል። ከባሕር ዳርቻ ለሚውል ወይም ከልጆች ጋር ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ውኃ የማያስገቡ አነስተኛ ካሜራዎች ይገኛሉ።

ሦስተኛው "ሚረርለስ" ወይም መስታወት አልባ በመባል የሚታወቀው ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ሲሆን፣ አራተኛው ደግሞ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ለረጅም ዘመናት ሲጠቀሙበት የኖሩት ባለ መስታወት ካሜራ ነው። በባለ መስታወቱ ካሜራ በሌንስ የገባው ብርሃን በውስጡ ባለ መስታወት ተንጸባርቆ ወደ ዓይን ይደርሳል። በመስታወት አልባው ግን ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ አርፎ ተጠቃሚው የሚያየው በአነስተኛ ኤሌክትሮኒክ መስኮት ነው። መስታወቱ መቅረቱ ካሜራው ትንሽና ቀላል እንዲሆን ከማስቻሉም በላይ፣ ተጠቃሚው ምስሉ ሊኖረው የሚችለውን ብርሃን ከማንሳቱ በፊት እንዲያይ ያስችለዋል።

የመጀመሪያው ሌንሱ የሚቀያየር መስታወት አልባ ካሜራ በፓናሶኒክ አማካይነት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ በ2008 ነበር። ካኖንና ኒኮንም በ2018 ትላልቅ ሴንሰር ያላቸውን መስታወት አልባ ካሜራዎች አቅርበው ከዚያ ወዲህ ትኩረታቸውን ወደዚሁ አዙረዋል። ይህ ማለት ግን ባለ መስታወቱ ካሜራ ዋጋ ቢስ ሆኗል ማለት አይደለም። ያገለገሉት በርካሽ የሚገኙ ከመሆናቸውም በላይ ባትሪያቸው ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ቀድሞውኑ በእጁ ያለውና አጠቃቀሙን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ለአንድ ጉዞ ሲል አዲስ መግዛት አይጠበቅበትም።

የሴንሰር ስፋትና የክብደት ሒሳብ

በእነዚህ መሣሪያዎች መካከል ለሚታየው የጥራት ልዩነት ዋናው ምክንያት የሴንሰር ስፋት ነው። ሴንሰር ዝናብ እንደሚቀበል ዕቃ ሊታሰብ ይችላል። አፉ የሰፋ ዕቃ በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ እንደሚያጠራቅም ሁሉ፣ ሰፊ ሴንሰርም በአነስተኛ ብርሃን ብዙ ይሰበስባል። ሙሉ መጠን ተብሎ የሚጠራው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ስፋቱ 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። በመካከለኛ ካሜራዎች የሚገኘው ከዚህ ግማሽ ያነሰ ወደ 367 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲኖረው፣ ጥሩ የኪስ ካሜራዎች የሚጠቀሙበት ደግሞ 116 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አብዛኞቹ ስልኮች ከዚህም ያነሰ ይይዛሉ።

የሴንሰሩ ስፋት በጨመረ ቁጥር ግን ሌንሱም አብሮ ይገዝፋል። ካኖን 5ዲ ማርክ 4 የተባለው ባለ መስታወት ካሜራ ከነባትሪው 890 ግራም ሲመዝን፣ በባለሙያዎች ዘንድ የሚዘወተረው ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሆነው ሌንሱ ብቻውን 805 ግራም ነው። ሁለቱ በድምሩ ወደ 1 ነጥብ 7 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ መደብ ተሳፋሪ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ግራም ከመሆኑ አንጻር ሲታይ፣ ቻርጀሩና ሁለተኛው ሌንስ ሳይጨመሩ አንድ አራተኛ የሚሆነው በካሜራ ብቻ ተይዟል ማለት ነው። በአንጻሩ መካከለኛ ሴንሰር ያለው ሶኒ ኤ6400 የተባለው መስታወት አልባ ካሜራ ከአነስተኛ ሌንሱ ጋር ከ520 ግራም አይበልጥም።

ለአብዛኛው ተጓዥ ሚዛኑን የሚጠብቀው ምርጫ ይህ መካከለኛው ክፍል ነው። እዚህ ላይ ግን ስለ ሌንስ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በሌንስ ላይ "ኤፍ" ከሚለው ምልክት ጋር የሚጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ኤፍ 2 የሆነ ሌንስ ኤፍ 4 ከሆነው አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ስለሆነም በካሜራው አካል ላይ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ቀንሶ ብርሃን በሚገባ የሚያስገባ አንድ አነስተኛ ሌንስ መግዛት የተሻለ ውጤት የሚያስገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ነጭ ልብስና የሻማ ብርሃን

ከላይ የተጠቀሱት ነጥቦች በተግባር እንዴት እንደሚገናኙ ለመረዳት የኢየሩሳሌምን ጉዞ እንደ አብነት መመልከት ይቻላል። ለትንሣኤ በዓል ወደዚያው የሚያመሩ ኢትዮጵያውያን ምዕመናን ፎቶግራፍ የሚያነሱባቸው ሥፍራዎች እጅግ የተራራቁ ሁለት ዓይነት ብርሃን አላቸው። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በሚገኘው የዴር ሡልጣን ገዳም ግቢ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ከግቢው ወደ ታች በሚያወርዱት የአርባዕቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል ጠባብ ቤተ መቅደሶች፣ እንዲሁም በዋናው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው ብርሃን ደግሞ እጅግ አነስተኛ ነው።

በፀሐዩ ግቢ የሚያጋጥመው ችግር የነጭ ልብስ ችግር ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ይገምታል። ነጠላና ጋቢ የለበሱ ብዙ ሰዎች ሲቆሙ ነጩ የምስሉን አብዛኛውን ክፍል ስለሚሸፍን፣ ካሜራው ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ምስሉን ያጨልመዋል። በዚህም የተነሳ ልብሱ ግራጫ መስሎ፣ ጠይም የሆነው የሰዎቹ ፊት ደግሞ ጠቁሮ ይወጣል። በርካታ የበዓል ፎቶግራፎች ፊት የማይለይባቸው የሚሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀላል ሲሆን፣ በካሜራ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባለው ማስተካከያ ብርሃኑን ከግማሽ እስከ አንድ ደረጃ መጨመር ነው። በስልክ ደግሞ የሰውየውን ፊት በጣት ነክቶ የሚመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ መግፋት ይበቃል። ካሜራ የሚገዛ ሰው ይህ ማስተካከያ በቀላሉ የሚገኝበትን መምረጡ ብልህነት ነው።

በቤተ መቅደሱ ውስጥ ያለው ችግር ግን በተቃራኒው ነው። ፍላሽ መጠቀም የሌሎችን ጸሎት የሚያውክ ከመሆኑም ሌላ፣ የአነስተኛ ካሜራና የስልክ ፍላሽ ከጥቂት ሜትሮች ርቀት አያልፍም። ባለሦስት እግር መቆሚያ ለማቆምም ሆነ ሌንስ ለመቀየር የሕዝቡ ብዛት አይፈቅድም። የካሜራው የመንቀጥቀጥ መከላከያም የአንሺውን እጅ እንጂ የሚንቀሳቀሱትን ሰዎች ሊያስቆም አይችልም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥፍራ የሚበጀው ብርሃን በሚገባ የሚያስገባ አንድ ሌንስ ብቻ የተገጠመለትና በአንገት ወይም በትከሻ ተንጠልጥሎ ሰውን የማያደናቅፍ አነስተኛ ካሜራ ነው። በዚህ ሁኔታ ትልቁና ውዱ መሣሪያ ከትንሹ ያነሰ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል።

እንደየመዳረሻው

ሌሎች ጉዞዎች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ዕቃ ለመግዛት ወደ ቻይናዋ ጓንግዡ የሚሄድ ነጋዴ የሚያነሳው የናሙናዎችን ቅርጽ፣ የመለያ ቁጥርና የዋጋ ዝርዝር በመሆኑ ጥሩ ስልክ ከማንኛውም ካሜራ ይልቅ ይጠቅመዋል። ሆኖም በቻይና ኢንተርኔት የጉግል፣ የፌስቡክና የዋትስአፕ አገልግሎቶች የተዘጉ ስለሆኑ ምስሎቹን በለመደው መንገድ ወደ አገር ቤት መላክ ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጥ ላይችል ይችላል። ስለዚህ በስልኩ ላይ በቂ ባዶ ቦታ መያዝና ምስሎቹን የሚገለብጥበት ሌላ ማስቀመጫ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ወደ ኬንያና ታንዛኒያ የዱር እንስሳት ፓርኮች ለሚሄድ ጎብኚ ደግሞ ስልክ አይበቃውም። ከተሽከርካሪ ሳይወርድ አንበሳ ወይም አውራሪስ ለማንሳት ቢያንስ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ መካከለኛ ሴንሰር ያለው ካሜራ ጥቅም አለው፤ 300 ሚሊ ሜትር የሆነው ሌንስ በእርሱ ላይ ሲገጠም የ450 ሚሊ ሜትር ያህል ያቀርባልና። ካሜራውን ከአቧራ ለመከላከል በፌስታል መጠቅለል የለመደ ተጓዥ ግን ጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባዋል። ኬንያ እ.ኤ.አ በ2017፣ ታንዛኒያ ደግሞ በ2019 የፕላስቲክ መያዣ ከረጢቶችን ስለከለከሉ የጨርቅ መሸፈኛ ቢይዝ ይመረጣል።

የአየር ንብረትም ግምት ውስጥ መግባት አለበት። በክረምት ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄድ ሰው ባትሪ በብርድ አቅሙ እንደሚቀንስ አውቆ ትርፉን ባትሪ በውስጥ ኪሱ አሙቆ መያዝ አለበት። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ካሜራው ላይ ጤዛ እንዳይፈጠር ለአንድ ሰዓት ያህል በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ መተው ይገባል። በዱባይና በጂዳ የበጋ ወራት የሚያጋጥመው ተመሳሳይ ነው። በአየር ማቀዝቀዣ ከቀዘቀዘ ክፍል ወደ እርጥበታማው ሙቀት ሲወጣ ሌንሱ በጉም ይሸፈናልና ካሜራው ሙቀቱን እስኪለምድ መታገሥ ያስፈልጋል።

ባትሪ፣ ኤሌክትሪክና ማስቀመጫ

ካሜራው ከተመረጠ በኋላ ቀጣዩ ጉዳይ ባትሪ ነው። በዓለም አቀፍ የአቪዬሽን ደንብ መሠረት ከመሣሪያው ውጭ የሚያዙ የሊቲየም ባትሪዎችና ተንቀሳቃሽ ቻርጀሮች (ፓወር ባንክ) በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። ምክንያቱም ባትሪው እሳት ቢፈጥር በተሳፋሪዎች ክፍል ውስጥ በፍጥነት መቆጣጠር ስለሚቻል ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት የሚደርሱት ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዙ ሲሆን፣ ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት ያሉት የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃሉ። የካሜራ ባትሪዎች በአብዛኛው ከዚህ በእጅጉ ያነሱ ናቸው። 20 ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክም 74 ዋት ሰዓት ያህል ነው።

የፓወር ባንክ ደንብ በቅርብ ዓመታት እየጠበቀ መምጣቱ ሊዘነጋ አይገባም። ቻይና እ.ኤ.አ ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ የአገሪቱ የጥራት ምልክት የሌለውን ፓወር ባንክ በአገር ውስጥ በረራዎች ላይ መያዝ ከልክላለች። የኤምሬትስ አየር መንገድም ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተሳፋሪ አንድ ፓወር ባንክ ብቻ እንዲይዝና በበረራ ላይ እንዳይጠቀምበት ወስኗል። ስለሆነም የሚሳፈሩበትን አየር መንገድ ደንብ ከጉዞው በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ በአገራችን 220 ቮልት ሲሆን፣ በአሜሪካ 120 ቮልት ነው። ይሁንና አብዛኞቹ የካሜራ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲሠሩ ሆነው የተዘጋጁ በመሆናቸው ተጓዡ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ እንጂ ከባድ ትራንስፎርመር አይደለም። ይህንንም በቻርጀሩ ላይ ከተጻፈው ማረጋገጥ ይቻላል። በብሪታንያ፣ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶችና በሳዑዲ ዓረቢያ ባለሦስት ጠፍጣፋ እግር፣ በአሜሪካ ደግሞ ባለሁለት ጠፍጣፋ እግር መሰኪያ ያስፈልጋል።

ምስል ማስቀመጫን በሚመለከት 64 ጊጋ ባይት የሆነ ሜሞሪ ካርድ በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ የተለመዱ ፎቶግራፎችን ይይዛል። ሆኖም የጉዞውን ምስሎች በሙሉ በአንድ ካርድ ላይ ከማከማቸት ይልቅ በሁለት አነስተኛ ካርዶች መከፋፈልና በየምሽቱ መገልበጥ ይመረጣል። ካሜራ ቢጠፋ በገንዘብ ይተካል፤ በውስጡ ያለው ምስል ግን አይተካም። የአየር ማረፊያ የኤክስሬይ ፍተሻ ዲጂታል ካርድን አይጎዳም። ዛሬም በፊልም የሚያነሱ ሰዎች ግን አዳዲሶቹ የፍተሻ መሣሪያዎች ያልታጠበ ፊልምን ሊያበላሹ ስለሚችሉ በእጅ እንዲፈተሽላቸው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

ካሜራና ሕግ

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የሚሄዱበት አገር ሕግ ነው። በአንድ አገር የተለመደ ነገር በሌላው ወንጀል ሊሆን ይችላል። በርካታ ኢትዮጵያውያን ለሥራ በሚሄዱባት የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2022 ሥራ ላይ የዋለው የሳይበር ወንጀሎች ሕግ የሌላን ሰው ግላዊ ሕይወት በመድፈር ያለ ፈቃዱ ፎቶግራፍ ማንሳትንና ማሰራጨትን ከ6 ወር በማያንስ እሥራት፣ ከ150 ሺህ እስከ 500 ሺህ ድርሃም በሚደርስ የገንዘብ መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። የአሠሪን ቤት፣ ልጆችና እንግዶች በስልክ አንስቶ በማኅበራዊ መገናኛ ማውጣት ቀላል ነገር ቢመስልም የሚያስከትለው መዘዝ ከባድ መሆኑን በተለይ በቤት ውስጥ ሥራ የሚሰማሩ ወገኖች ሊገነዘቡት ይገባል።

ግብፅ በበኩሏ እ.ኤ.አ በ2022 ለግል አገልግሎት በአደባባይ ፎቶግራፍ ማንሳትን ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ የፈቀደች ሲሆን፣ የባለሙያ መብራትና የመሳሰሉትን መሣሪያዎች መጠቀም ግን አሁንም ፈቃድ ይጠይቃል። እዚህ ላይ የካሜራው ዓይነት ራሱ ትርጉም እንዳለው ይታያል፤ ግዙፍ መሣሪያ የተሸከመ ሰው በጠባቂዎች ዘንድ እንደ ጎብኚ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ሊታይ ይችላል። በራሪ ካሜራ (ድሮን) ደግሞ ከዚህም የባሰ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ሞሮኮና ግብፅን የመሳሰሉ አገሮች ያለ ፈቃድ የሚገባ ድሮንን ይከለክላሉ።

በቫቲካን የሲስቲን ቤተ ጸሎትና በሕንድ የታጅ ማሐል መቃብር ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሳት የተከለከለ ነው። በኢየሩሳሌም የምዕራብ ግንብ ዘንድ ደግሞ በሰንበት ቀን አይፈቀድም። በብዙ ሙዚየሞች ያለ ፍላሽ ማንሳት ቢፈቀድም፣ መቆሚያና የስልክ ዘንግ ይዞ መግባት አይቻልም። የጦር ሠፈሮች፣ የድንበር ኬላዎችና የአየር ማረፊያ ፍተሻ ሥፍራዎች በብዙ አገሮች ካሜራ የማይደቀንባቸው ናቸው። ከሕጉም ባሻገር ሰውን ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ የሥነ ምግባር ግዴታ ነው።

ከመነሳት በፊት

ውድ ካሜራ ይዞ የሚወጣ ተጓዥ የግዢ ደረሰኙን ቅጂና የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ከካሜራው ለይቶ ቢያስቀምጥ በሚመለስበት ጊዜ ዕቃው ቀድሞም የራሱ እንደነበር ለጉምሩክ ሠራተኞች ለማስረዳት ይረዳዋል። ሲወጣም ለጉምሩክ አሳውቆ የምዝገባውን ሥርዓት መጠየቁ መልካም ነው። ቢሰረቅም ለፖሊስ የሚያቀርበው ማስረጃ ይኖረዋል። የአምራቹ ስም በጉልህ የተጻፈበትን ማንጠልጠያ በተራ ማንጠልጠያ መቀየር የሌባን ዓይን ከመሳብ ያድናል።

የካሜራውን ሰዓትና ቀን ማስተካከልም ተገቢ ነው። ስልክ ሰዓቱን በራሱ ሲያስተካክል ብዙ ካሜራዎች ግን ይህን አያደርጉም። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል እንደየወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ ያልተስተካከለ ካሜራ የምሽቱን ምስል በማግስቱ እንደተነሳ አድርጎ ይመዘግበዋል። ምስሎቹን በኋላ ላይ በቅደም ተከተል ለማደራጀትም አስቸጋሪ ይሆናል።

ዋናው ምክር ግን ልምምድ ነው። አዲስ ካሜራ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ገዝቶ በቤቱ፣ በሰፈሩና በምሽት ብርሃን ሊለማመድበት ይገባል። ብርሃን መጨመሪያውን፣ ፍላሽ ማጥፊያውንና የድምፅ መዝጊያውን ሳያይ በጣቱ እስኪያገኛቸው ድረስ ካልተለማመደ በተፈላጊው ቅጽበት መመሪያ መጽሐፍ ሲያገላብጥ መገኘቱ አይቀርም። ይህን ያህል ጊዜ የሌለው ሰው የለመደውን መሣሪያ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

በአጠቃላይ ሲታይ፣ ለንግድና ለአጭር የሥራ ጉዞ ጥሩ ስልክ በቂ ነው። ቤተሰብ ለመጠየቅና ቅዱሳን ሥፍራዎችን ለመሳለም ለሚሄድ ሰው ስልኩን የሚያግዝ ጥሩ የኪስ ካሜራ ወይም አንድ ሌንስ የተገጠመለት ቀላል መስታወት አልባ ካሜራ ይበጀዋል። የዱር እንስሳትን ለሚያነሳና ፎቶግራፍን በሙያነት ለያዘ ደግሞ ከባዱን መሣሪያ መሸከሙ ዋጋ አለው። ተጓዦች ምርጫቸውን በመሣሪያው ዋጋ ወይም ዝና ሳይሆን በጉዞው ዓላማ፣ በሚያገኙት ብርሃንና በሚሄዱበት አገር ሕግ ላይ ቢመሠርቱ፣ ገንዘባቸውን ከብክነት፣ ራሳቸውንም ከአላስፈላጊ ችግር ጠብቀው የጉዟቸውን መልካም ትዝታ ይዘው ለመመለስ ይችላሉ።